ደንባራ ፈረስን ስለ ማረጋጋት

ፈረስ በአገራችን ከጥንት ጀምሮ የተከበረ እንስሳ ነው። የቀድሞ ነገሥታትና መኳንንት በፈረሳቸው ስም ይጠሩ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፥ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ አባ በዝብዝ፥ ዐፄ ምኒልክ 2ኛ አባ ዳኘው ይባሉ ነበር። ታጠቅ፥ በዝብዝና ዳኘው የፈረሶቻቸው ስሞች ናቸው። የቤተ መንግሥቱን ፈረሶችና በቅሎዎች የሚያስተዳድረው ሹምም ባልደራስ ይባል ነበር።

በአዊ አገር የሚኖሩ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች፥ በ1888 ዓ.ም. በዐድዋ ጦርነት ፈረሶች የሠሩትን ሥራ ለማሰብ፥ በ1932 ዓ.ም. ማኅበር አቋቋሙ። ዛሬም በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ ፈረሶቻቸውን ሸልመው በዓላቸውን ያከብራሉ።

ልጆች ሆይ፤ በብዙ ሕዝብና በብዙ ጩኸት መካከል ሳይደነግጥ የሚጋልበውን ፈረስ የሚያይ ሰው፥ «ይህ ፈረስ ደፋር ሆኖ ተወልዷል» ይል ይሆናል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ፈረስ ሁሉ ሲወለድ ፈሪ ነው። ድፍረትን የሚማረው ከአሳዳጊው ነው። ይህ ትምህርት እንዴት እንደሚሰጥ አሁን እንመልከት።

፩። ሁለቱ ዐመሎች

ወጣት ፈረስ ለመጋለብ ሲለማመድ ሁለት ዐመል ያሳያል። አንደኛው መደንበር ነው። መደንበር ማለት አንድ ነገር አይቶ ወይም ሰምቶ በድንገት ወደ ጎን መዝለል ወይም መሸሽ ነው። እንዲህ የሚያደርገው ፈረስ ደንባራ ይባላል። ሁለተኛው መለገም ነው። መለገም ማለት ሂድ ሲሉት አልሄድም ብሎ መቆም፥ ወደ ኋላ ማፈግፈግ፥ ወይም ወደ ቤቱ ለመመለስ መታገል ነው።

በአዲስ አበባ ከተማ በደቡብ በኩል ነፋስ ስልክ የሚባል ሰፈር አለ። ስሙን ያገኘው ያለ ሽቦ በአየር መልእክት ያስተላልፍ ከነበረው ጣቢያ ነው። ሰዎች ያንን ሽቦ የሌለውን ስልክ የነፋስ ስልክ ብለው ጠሩት፤ ሰፈሩም በዚያው ስም ቀረ። ዛሬ በዚያ ሰፈር ታላቅ መንገድ ያልፋል። ከባድ የጭነት መኪናዎች ቀንና ሌሊት ይመላለሱበታል። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የከተማ ባቡርም ወደ ቃሊቲ ሲወርድ በነፋስ ስልክና በሳሪስ በኩል ያልፋል።

እንግዲህ አንድ የአራት ዓመት ዳማ ፈረስ ከላፍቶ ዳርቻ ተነሥቶ ወደዚህ ታላቅ መንገድ ቀረበ እንበል። በላዩ አንድ ልጅ ተቀምጧል። ነፋስ ተነሣና አንድ ባዶ ፌስታል ከመሬት አንሥቶ በፈረሱ ፊት አበረረው። ዳማው ደነበረ፤ ወደ ጎንም ዘለለ። በዚያች ደቂቃ የጭነት መኪና በአጠገባቸው አለፈ። ፈረሱ አንድ እርምጃ ጨምሮ ቢሆን፥ እርሱም ልጁም ከመኪናው ሥር በገቡ ነበር።

ልጁ እጅግ ደነገጠ። ድንጋጤውም ወደ ቍጣ ተለወጠና ፈረሱን በአለንጋ ደጋግሞ መታው። በማግሥቱ ወደዚያው ስፍራ ሲደርሱ ዳማው ቆመ። ልጁ በተረከዙ ቢነካው አልሄደም፤ ቢመታው ወደ ኋላ አፈገፈገ። በሦስተኛው ቀን ደግሞ ከቤቱ በር እንኳ አልወጣም አለ።

ልጁም ለአያቱ፥ «አባባ፤ ይህ ፈረስ ሰነፍና ክፉ ነው፤ ይሸጥ» አላቸው።

አያቱም፥ «ልጄ፤ ፈረሱ ሰነፍ አይደለም። አንተ ያስተማርኸውን ትምህርት በሚገባ ተምሯል። ፌስታል ባየ ጊዜ ፈራ፤ በፈራም ጊዜ ተመታ። እንግዲህ በዚያ መንገድ ላይ አስፈሪ ነገር እንዳለ ዐወቀ፤ ከላዩም የሚመታው ሰው እንዳለ ዐወቀ። ወደዚያ ለመሄድ ለምን ይወድዳል?» ብለው መለሱለት።

አባቶቻችን «በደንባራ በቅሎ ቃጭል ተጨምሮ» ብለው ይተርታሉ። በቅሎዋ ያለ ቃጭልም ትደነብራለች፤ ቃጭል ቢያንጠለጥሉባት ግን ከራሷ ድምፅ እየሸሸች ገደል ትገባለች። በፈራ ፈረስ ላይ አለንጋ መጨመርም እንደዚሁ ነው።

፪። ፈረስ ስለ ምን ይደነብራል?

ፈረስ ሣር የሚበላ እንስሳ ነው፤ አውሬም ያድነዋል። እንደ በሬ ቀንድ የለውም። ዋናው መድኀኒቱ እግሩ ነው። በዱር ይኖሩ ከነበሩት ፈረሶች መካከል፥ ቅጠል ሲንኮሻኮሽ ሰምተው ፈጥነው የሸሹት ተረፉ፤ «ምን ይሆን?» እያሉ የቆዩት ግን ተበሉ። ስለዚህ ፈረስ አስቀድሞ ይሸሻል፤ ከዚያ በኋላ ይመረምራል። ይህም ተፈጥሮው እንጂ ክፋቱ አይደለም።

የፈረስ ዐይኖች በራሱ ግራና ቀኝ የተቀመጡ ናቸው። ስለዚህ ራሱን ሳያዞር ከ360 ዲግሪ 350 ያህሉን ማየት ይችላል። የማይታየው በግንባሩ ፊት እጅግ ቀርቦ ያለውና ከጭራው በስተኋላ ያለው ነገር ነው። ከኋላው በዝምታ የሚመጣ ሰው ሊረገጥ የሚችለውም ስለዚህ ነው። ልጆች ሆይ፤ ወደ ፈረስ ስትቀርቡ በትከሻው በኩል፥ ድምፃችሁን እያሰማችሁ ቅረቡ።

ደግሞም የፈረስ ዐይን ከብርሃን ወደ ጨለማ ሲገባ ከሰው ዐይን ይልቅ ዘግይቶ ይለምዳል። ከፀሓይ ወደ ድልድይ ጥላ ሲደርስ ቢቆም፥ በፊቱ ያለው መሬት ጕድጓድ ይሁን ሜዳ ገና ስላልለየ ነው። እንደዚሁም ሲሄድ በግራ ዐይኑ ያየውን ግንድ፥ ሲመለስ በቀኝ ዐይኑ ባየው ጊዜ እንደ አዲስ ነገር ሊደነግጥበት ይችላል። ሰው ይህን ሳያውቅ፥ «አሁን ያየኸውን ግንድ እንዴት ትፈራለህ?» ብሎ ይቈጣዋል።

ጆሮውም እጅግ ስሙ ነው። እኛ ያልሰማነውን ድምፅ ሰምቶ ቀድሞን ይደነግጣል። በተለይ ነፋስ በሚበዛበት ቀን ሣሩና ዛፉ ሁሉ ይንቀሳቀሳል፤ ድምፁም ከየት እንደሚመጣ አይለይም። በዚያን ቀን ጸጥተኛ ፈረስ እንኳ ደንባራ ይሆናል።

፫። ፈረስ ስለ ምን ይለግማል?

አያትየው ልጁን ይዘው ወደ በረቱ ሄዱ። «ፈረስ አልሄድም ሲል አራት ነገር እንመርምር። እርሱ አፍ የለውምና እኛ እንጠይቅለት» አሉ።

በመጀመሪያ ሕመምን መረመሩ። ኮርቻውን አንሥተው ጀርባውን በእጃቸው ዳሰሱ። ከትከሻው ጀርባ በደረሱ ጊዜ ዳማው ቆዳውን አንቀጠቀጠና ጆሮውን ወደ ኋላ አጣጠፈ። ጠጕሩ ተልጦ፥ ቆዳውም ቀልቶ ነበር። ኮርቻው ስለ ጠበበው ገጣባ ሊሆን ቀርቦ ነበር። ልጁ በተቀመጠበት ጊዜ ሁሉ ያ ስፍራ ያመው ነበር። ቀጥለው አፉን ከፍተው ልጓሙ የሚያርፍበትን ስፍራና ጥርሱን አዩ። የፈረስ መንጋጋ ጥርስ በማኘክ ብዛት ጠርዙ እየሾለ ጕንጩንና ምላሱን ሊያቈስል ይችላልና። ከዚያም አራቱን ሰኮናዎች እያነሡ ድንጋይ እንዳልተሰነቀረበት ተመለከቱ። እኛ ልናገኘው ያልቻልነውን ሕመም የእንስሳት ሐኪም ያገኘዋል።

ሁለተኛው ብቸኝነት ነው። ፈረስ ከመንጋ ጋር የሚኖር ፍጥረት ነው። ከጓደኞቹ ተለይቶ ሲወጣ ያለ ጠባቂ የቀረ ይመስለዋል፤ ስለዚህ ወደ በረቱ ለመመለስ ይታገላል።

ሦስተኛው ፍርሀት ነው። «እባብ ያየ በልጥ በረየ» እንደ ተባለ፥ ቀድሞ የደነገጠበትን ስፍራ ሲያይ አደጋው ገና እዚያው ያለ ይመስለዋል።

አራተኛው አለመረዳት ነው። ጋላቢው በተረከዙ ሂድ እያለ፥ በእጁ ደግሞ ዛብ ይዞ ወደ ኋላ ቢጐትተው፥ ፈረሱ የትኛውን ይስማ? ሁለት ትእዛዝ በአንድ ጊዜ የሚሰጥ ጌታ፥ አገልጋዩን አልታዘዝህም ብሎ ሊወቅስ አይገባውም።

ልጁ ይህን ሁሉ ሰምቶ የዳማውን ጀርባ እያየ ዝም አለ። አለንጋውንም ወስዶ ሰቀለው።

፬። ዳማው እንዴት ተረጋጋ?

በመጀመሪያ ቍስሉ እስኪድን ድረስ ኮርቻ አልተጫነበትም። ኮርቻውም ለጀርባው እንዲመች ተስተካከለ። በዚያም ጊዜ ልጁ ፈረሱን ማጥፊያ በሌለበት ገመድ፥ በእግሩ አብሮት እየሄደ ይመራው ጀመር። ገመዱን በእጁ ላይ አልጠመጠመም፤ ፈረስ በድንገት ቢሸሽ እጅ ላይ የተጠመጠመ ገመድ ሰውን ይጐትታልና።

ፌስታሉንም በሜዳ ላይ፥ ከመኪና መንገድ ርቆ አስተማሩት። አያትየው ፌስታሉን በድንጋይ አስይዘው ከሩቅ አኖሩት። ዳማው ባየው ጊዜ አንገቱን ቀና አድርጎ ቆመ፤ ጆሮውንም ወደ ፊት አቀና። ልጁ አልጐተተውም። ቆመና እንዲያየው ፈቀደለት። ጥቂት ቆይቶ ፈረሱ አንገቱን ዝቅ አደረገ፤ ረጅም ትንፋሽም ተነፈሰ። በዚያን ጊዜ ልጁ አንገቱን አሻሽቶ ዘወር አደረገውና ወሰደው። በማግሥቱ ጥቂት ቀረቡ። በሦስተኛው ቀን ከዚያ ይልቅ ቀረቡ። በሳምንቱ ዳማው ራሱ ሄዶ ፌስታሉን በአፍንጫው አሸተተው።

ልብ አድርጉ፤ ልጁ ፈረሱን ያሳረፈው በተረጋጋ ጊዜ እንጂ በሸሸ ጊዜ አይደለም። ፈረስ ትምህርት የሚይዘው ዕረፍት በሚያገኝባት ደቂቃ ነው። ሲታገል ብንለቀው ትግልን ይማራል፤ ሲረጋጋ ብንለቀው መረጋጋትን ይማራል።

ቀጥሎም አንድ ሽማግሌ ፈረስ መሪ ሆነለት። ሽማግሌው ፈረስ መኪናን የለመደ ነበር። እርሱ በመንገዱ በኩል፥ ዳማው በሜዳው በኩል ሆነው ጎን ለጎን ሄዱ። መኪና ባለፈ ጊዜ ዳማው የሽማግሌውን ጆሮ ተመለከተ። ሽማግሌው እንዳልፈራ ባየ ጊዜ እርሱም ፍርሀቱ ቀለለለት። ከጥቂት ቀን በኋላ ዳማው ለጥቂት እርምጃ ፊት ፊት እንዲሄድ ተደረገ፤ ቈይቶም ብቻውን ለአጭር መንገድ ወጣ።

ብቻውን በወጣ ቀን ግን ከበሩ ጥቂት ርቆ ዳግመኛ ቆመ። ልጁም አያቱ እንዳስተማሩት አደረገ። አልጮኸም፤ ወደ ቤትም አልመለሰውም። ዛቡን አላላ፤ ዐይኑን ወደ ፊት ወደሚሄድበት መንገድ አቀና፤ በእግሩም ቀስ ብሎ ነካው። ዳማው አልተንቀሳቀሰም። ልጁ በጠባብ ክብ አንድ ጊዜ አዞረውና ዳግመኛ ወደ ፊት ጠየቀው። ዳማው አንዲት እርምጃ ተራመደ። ልጁ ወዲያው እግሩን አሳረፈ፤ አንገቱንም አሻሸው። ሁለተኛ እርምጃ ሄደ፤ ከዚያም ሦስተኛ። በዚያን ቀን የሄዱት ከአንድ ዛፍ እስከ ሌላ ዛፍ ብቻ ነበር። ይሁን እንጂ የተመለሱት ፈረሱ በእሺታ ከሄደ በኋላ ስለ ሆነ፥ ያች አጭር መንገድ ከረጅም ግልቢያ ትበልጥ ነበር።

አያትየው ሌላም ምክር ሰጡ። «በቆመ ጊዜ ወርደህ ብትመራው አታፍር፤ አስቀድመህ በእግርህ የሄድህበትን መንገድ ፈረስ ያምነዋል። ነገር ግን አንድ ትልቅ ሰው አብሮህ ሳይኖር አትውጣ፤ ራስህንም የሚጠብቅ የራስ ቍር አድርግ። በመኪና መንገድ አጠገብ ፍርሀትን ማስተማር እንጂ ድፍረትን ማስተማር አይቻልም፤ ስለዚህ በሜዳ ያልተማረውን ነገር በመንገድ ላይ አትጠይቀው» አሉት።

እንዲህ እየሆነ ብዙ ሳምንታት አለፉ። ዳማው አንዳንድ ቀን ወደ ፊት፥ አንዳንድ ቀንም ወደ ኋላ ይል ነበር። «ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል» ይባላልና ልጁ ተስፋ አልቈረጠም። በመጨረሻ ዳማው ባቡሩ በሚታይበት ስፍራ ቆሞ፥ ሠረገላዎቹ ሲያልፉ ዐየ። ጆሮውን አቀና፤ ልቡም ሳይመታ አልቀረም። እግሩ ግን ከስፍራው አልተነቃነቀም።

፭። የቀድሞ ሰዎችና የዛሬ ሊቃውንት

ይህ ጥበብ አዲስ አይደለም። ክርስቶስ ከመወለዱ በፊት በ4ኛው መቶ ዓመት፥ ለመቄዶንያ ንጉሥ ለፊልጶስ አንድ ብርቱ ፈረስ ለሽያጭ ቀረበ፤ ስሙም ቡኬፋሎስ ይባል ነበር። ማንም ሊቀመጥበት አልቻለም። ንጉሡም ወዲያ ውሰዱት አለ። የንጉሡ ልጅ እስክንድር ግን ገና ልጅ ሳለ አንድ ነገር አስተዋለ። ፈረሱ የሚፈራው በፊቱ የሚንቀሳቀሰውን የራሱን ጥላ ነበር። እስክንድርም ዛቡን ይዞ የፈረሱን ፊት ወደ ፀሓይ መለሰው፤ ጥላውም ወደ ኋላ ሆነ። ከዚያ በኋላ አሻሽቶ አረጋጋውና ተቀመጠበት። ይህ ታሪክ በፕሉታርክ ተጽፎ ይገኛል። ሌሎቹ የፈረሱን ክፋት ሲያዩ፥ እስክንድር የፈረሱን ፍርሀት ዐየ።

በዚያው ዘመን የነበረ ክሴኖፎን የሚባል የግሪክ የጦር አለቃም ስለ ፈረስ አያያዝ መጽሐፍ ጽፏል። በዚያም ፈረስ አንድ ነገር ሲፈራ በየውሃት ወደ ነገሩ ማቅረብና አስፈሪ አለመሆኑን ማሳየት እንደሚገባ፥ መምታት ግን ፍርሀቱን እንደሚያበዛ አስተምሯል።

በዘመናችንም በስዊድን አገር ያሉ ተመራማሪዎች አንድ ነገር ፈተኑ፤ ውጤቱም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2009 ታትሞ ወጣ። ሰዎች ፈረስ እየመሩ ወይም እየጋለቡ በአንድ መንገድ ደጋግመው እንዲያልፉ ተደረገ። በአራተኛው ጊዜ፥ «አሁን ስታልፉ ጃንጥላ በድንገት ይከፈታል» ተባሉ። ጃንጥላው ግን አልተከፈተም። ሰዎቹ ይከፈታል ብለው በመፍራታቸው ልባቸው ፈጥኖ መታ። የሚያስገርመው ግን፥ ስለ ጃንጥላው ምንም ያልሰሙት ፈረሶችም ልባቸው ፈጥኖ መምታቱ ነው። ፈረስ ዐርፎ ሲቆም ልቡ በደቂቃ ከ28 እስከ 44 ጊዜ ያህል ይመታል፤ ሲፈራ ግን ከዚህ እጅግ ይበልጣል። እንግዲህ የጋላቢው ፍርሀት በእጁና በእግሩ በኩል ወደ ፈረሱ ይወርዳል። ስለዚህ ፈረስን ከማረጋጋት በፊት ራስን ማረጋጋት ይገባል።

፮። ምክር

ልጆች ሆይ፤ ከዚህ ትምህርት ይህን ያዙ። ፍርሀት በዱላ አይወጣም። ዱላ የፈራውን ያስቆመው ይሆናል፤ ደፋር ግን አያደርገውም። የተቈጣ ሰው «ምን አጠፋህ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ጥበበኛ ሰው ግን «ምን አመመህ? ምንስ አስፈራህ?» ብሎ ይጠይቃል።

በከተሞቻችን መንገድ ዳር ባለቤት የሌለው ፈረስ ቆሞ ታያላችሁ። አንዳንዱ አርጅቶ፥ አንዳንዱም ቈስሎ፥ አልሠራም ተብሎ የተጣለ ነው። ከእነዚያ መካከል አንድ ሰው ጀርባውን ዳስሶለት ቢሆን ኖሮ እስከ ዛሬ ጌታውን በታማኝነት የሚያገለግል አይታጣም።

ለሰውም እንደዚሁ ነው። በክፍላችሁ ውስጥ ማንበብ ፈርቶ ዝም የሚል ጓደኛ ቢኖር አትሣቁበት። እንደ ሽማግሌው ፈረስ በአጠገቡ ቁሙ፤ አንዲት ቃል ባነበበም ጊዜ አመስግኑት። አንዲት ቃል ያነበበ ሁለተኛዪቱን ያነብባልና። ደካማውን በትዕግሥት የሚመራ ሰው፥ ብርቱ ጓደኛን ያተርፋል።

ጥያቄ

1። መደንበርና መለገም ልዩነታቸው ምንድን ነው?
2። ዳማው በሁለተኛው ቀን አልሄድም ያለው ስለ ምን ነው?
3። ፈረስ በለገመ ጊዜ የሚመረመሩት አራቱ ነገሮች ምንና ምን ናቸው?
4። ልጁ ፈረሱን ከፌስታሉ ዘወር ያደረገው በምን ጊዜ ነው? ስለ ምን?
5። እስክንድር ሌሎች ያላዩትን ምን ነገር ዐየ?
6። «በደንባራ በቅሎ ቃጭል ተጨምሮ» የሚለውን ተረት በራሳችሁ ቃል አስረዱ።